የድንቹን ዕድሜ እንቁጠር
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ንግግር አድርግ ስባል ስለ ትዝታ ላወራ አስቤ ነበር። ትዝታዬ ግን ድንች ማሳ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ይቅርታችሁን።

ተመርቄ እንጅባራ አካባቢ በግብርና ባለሙያነት በሠራሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸውን አሳዩኝ። ድንቹ ለምለም ነው፤ ረድፉ ተገጣጥሟል፤ አበባውም ጀምሯል። «መድኃኒት ልርጭ ወይ?» አሉኝ። «አባባ፣ ምልክት የለውም፤ ትንሽ ይቆዩ» አልኳቸው። ከ10 ቀን በኋላ ስመለስ ማሳው እሳት የበላው መስሏል። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ድንች እኮ ሲያብብ ነው የሚደክመው» አሉኝ።

ሳይንሱም ከእሳቸው ጋር ነው። ገበሬው ምች የሚለው ሌት ብላይት ድንቹን በየዕድሜው እኩል አያጠቃውም። ለጋው ቡቃያ በቀላሉ ይያዛል። ተክሉ ሲጠነክር ለጥቂት ሳምንታት ይቋቋማል። አበባ አውጥቶ ጉልበቱን ከመሬት በታች ወዳለው ፍሬ ማውረድ ሲጀምር ግን መቋቋሙ ይቀንሳል። በአንድ ተክል ላይ እንኳ የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከላይኛው ይልቅ ቶሎ ይጠቃል።

በእኛ አገር ችግሩ፣ በሰኔ የተተከለ ድንች የሚደክምበት ጊዜ ከነሐሴ ዝናብና ጉም ጋር መግጠሙ ነው። ቀደም ብሎ የተተከለውም ሊያዝ ይችላል፤ ግን ምቹ ሲደርስበት ፍሬውን ቋጥሯል። ዳንግላ ደግሞ ከእንጅባራ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ በአንድ ቀን የተተከለ ድንች እዚያ ቀድሞ ያረጃል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ የርጭት ቀን መንገር አይሆንም። ከበቀለበት ቀን መቁጠር፣ ረድፉ ሳይገጥም መከታተል፣ ዝናቡ ከበረታም ምልክት ሳይጠብቁ መከላከል ነው።

ለተመራማሪዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ከአዴት የወጣውን ዘንገናን፣ ከሆለታ የወጡትን ጉደኔንና በለጠን በአንድ ቀን አይተን «ይኼ ይቋቋማል፣ ያኛው አይቋቋምም» ስንል እንጠንቀቅ። ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ የተሻለ የሚመስለው ገና ስላላረጀ ሊሆን ይችላል። ከበሽታው መጠን ጎን የተክሉ ዕድሜም ይመዝገብ።

እኚያ አባት ያን ዓመት ለዘር የሚሆን ድንች እንኳ አላገኙም። ያንን ዕዳ የምከፍለው፣ እናንተ ለቀጣዩ ምሩቅ ይህን ስታስተምሩልኝ ነው።