ኑግ ሲያብብ ንብን እንጠብቅ



ኑጋችሁ መስከረም አጋማሽ ላይ ማሳውን ቢጫ ሲያለብሰው ደስ ይላችኋል። ይሁን እንጂ አበባው ሁሉ ዘር አይሆንም። ኑግ በራሱ የአበባ ዱቄት ብቻ በደንብ ዘር መያዝ አይችልም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ዱቄት ሊመጣለት ይገባል። ይህን ዱቄት ከአበባ ወደ አበባ የምታደርሰው በዋናነት ንብ ናት። ንብ ያልደረሰችበት አበባ አብዛኛው ፍሬ አልባ ገለባ ይሆናል።

ሥራውን የምትሠራው የቀፎ ንብ ብቻ አይደለችም። ከመሬት ሥር የምትኖረው ጣዝማም አበባ ትጎበኛለች። እንጨት ቦርቡራ የምትኖረው ትልቋ ጥቁር ንብ ደግሞ የቲማቲምን አበባ በክንፏ ጡንቻ አንቀጥቅጣ ዱቄቱን ታራግፋለች፤ የቀፎ ንብ ይህን አትችልም።

እነዚህን ረዳቶቻችንን የምንጎዳቸው ብዙ ጊዜ እኛው ነን። ባበበ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ እንረጫለን፤ ድንበሩን አርሰን፣ አበባ ያለውን አረም ሁሉ በኬሚካል እናጠፋለን። በማግስቱ ጎረቤታችን ከቀፎው አፍ ሥር የሞቱ ንቦች ያገኛል። እሱ ማር ያጣል፤ እኛም የኑግ ዘር እናጣለን።

ስለዚህ የሚከተሉትን ተግባራዊ አድርጉ፦

1. ሰብሉ ከማበቡ በፊት ማሳችሁን እየዞራችሁ ተባይ መኖሩን አረጋግጡ። እርምጃ የሚያስፈልግ ከሆነ ያኔውኑ የልማት ሠራተኛውን አማክሩ።

2. ያበበ ሰብል ላይ ፀረ ተባይ አትርጩ። በአጎራባች ማሳ መርጨት ግድ ከሆነ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ ማታ ይሁን። አንዳንድ መድኃኒት እስከ ማግስቱና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ የዕቃውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ማንበብ ካልቻላችሁ አስነብቡ።

3. ቀፎ ያላቸውን ጎረቤቶች ቀደም ብላችሁ አሳውቁ።

4. የማሳውን ዳር ሁሉ አትረሱ፤ ጥቂት ሳርና የዱር አበባ ይቆይ። ኑጉ ካለፈ በኋላ ንቦች የሚቀስሙት እንዲያገኙ ግራዋ፣ ብሳናና ዋንዛ ትከሉ።

5. የመርጫ መሣሪያ በወንዝም ሆነ በምንጭ አትጠቡ፤ ንቦችም ከዚያው ይጠጣሉ።

በዚህ ዓመት አንድ ነገር ሞክሩ። ኑጉ ሲያብብ ፀሐይ ሞቅ ባለች ጊዜ ረፋድ ላይ ማሳው ዳር ቆማችሁ አበባ ላይ የሚያርፉትን ንቦች ቁጠሩ። ቁጥሩን ጻፉት፤ ከርሞም እዚያው ቆማችሁ ቁጠሩና አስተያዩ። ያገኛችሁትንም ለልማት ቡድናችሁ አባላት አካፍሉ።