ሴት ልጆቻችን የቆሙበት ደረጃ

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ሠራተኞች ፊታችሁ ስንቆም የለመዳችሁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነው። ዛሬም ከመዝገቡ ብዙ አንርቅም። የምንነግራችሁ ግን መዝገቡ ውስጥ ፈልገን ስላጣነው ነገር ነው።

ሰኔ ላይ የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ ብድር የተወሰደበትን ምክንያት አንድ በአንድ አየን። ለበርበሬ ንግድ፣ ለዶሮ ርባታ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም ይላል። ከዚያ መካከል «ለልጄ የስካውት ካምፕ» የሚሉም አገኘን። ሁሉም ለወንድ ልጅ የተወሰዱ ነበሩ። ለሴት ልጅ የተጠየቀ አንድም አልነበረም። ሴቶቹ ልጆቻችን ግን እዚያው ቡድን ውስጥ አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ስካርፋቸውን አስረው ወደ ታቦር ተራራ ሲሄዱ እናያቸዋለን። ታዲያ ካምፕ ሲመጣ የት ይገባሉ?

ይህ እንዲገባን ስለ ስካውት ጥቂት አነበብን። እንግሊዛዊው ሮበርት ቤደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ወደ 20 የሚሆኑ ወንድ ልጆችን ይዞ ብራውንሲ በምትባል ደሴት ላይ ሰፈረ። በ1908 ስለ ስካውት የጻፈው መጽሐፍ ወጣ። በ1909 ለንደን ውስጥ ስካውቶች በብዛት ሲሰበሰቡ ማንም ያልጠራቸው ሴት ልጆች «እኛም ስካውቶች ነን» ብለው መጡ። በ1910 የሴቶቹ ድርጅት ተቋቋመ፤ የመራችውም የቤደን ፓወል እህት አግነስ ነበረች። ሴቶች ወደ ስካውት የገቡት ተጠርተው ሳይሆን ራሳቸው መጥተው ነው ማለት ነው። በአገራችንም ስካውት በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በትምህርት ቤቶች የታወቀ ነበር፤ በደርግ ጊዜ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ተቋቋመ።

በዚያ መጽሐፍ ቀደምት እትም ደረጃዎቹ ሦስት ነበሩ። ጀማሪው ሕጉን ያውቃል፣ ቃል ይገባል፣ ገመድ መቋጠር ይማራል። ሁለተኛ ደረጃ ለማግኘት የመጀመሪያ እርዳታ ማወቅ፣ ከ2 ክብሪት በላይ ሳይፈጁ እሳት ማንደድ፣ ሥጋና ድንች ማብሰል ያስፈልጋል። እኛን ያስደሰተን ግን ሌላ ነው፦ ለሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ 6 ፔኒ በቁጠባ ባንክ ሊኖር ይገባ ነበር። ለአንደኛ ደረጃ 1 ሺሊንግ፣ ማለትም 12 ፔኒ። ሳይቆጥቡ ከፍ ማለት አልነበረም! ዛሬ መስፈርቱ ከአገር አገር ይለያያል። መሠረቱ ግን አልተለወጠም፤ ደረጃ በዕድሜ ወይም በዘመድ አይገኝም፣ ሠርቶ በማሳየት ነው።

እሳት ማንደድና ማብሰል ላይ ሴት ልጆቻችንን ማን ይቀድማቸዋል? ቁጠባውንም ቢሆን ከእኛ አይተው ያውቁታል። አንደኛ ደረጃ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛ ጋር 7 ማይል፣ ወደ 11 ኪሎ ሜትር፣ ሄዶ ይመለስ፤ ያየውንም ጽፎ ያቅርብ። ልጆቻችን የሚቆሙት እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ነው። ችሎታ የሚጠይቀውን ሁሉ ያልፋሉ፤ ከቤት መውጣት የሚጠይቀው ላይ ይቀራሉ።

ከልጆቻችን አንዷ 14 ዓመቷ ነው። የቡድኗ መሪ ለመሆን የቀራት ከከተማ ውጭ የሚደረግ የሁለት ሌሊት ካምፕ ብቻ ነበር። እናቷ ሳምንታዊ ስብሰባችን ላይ ምክር ጠየቀችን። «ይቅርባት፣ ምን ይሠራላታል?» ያልነው እኛ ነን። ልጅቷ አልተከራከረችም። ስካርፏን አጥባ፣ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። መሪነቱን የያዘው ገመድ መቋጠር ራሷ ያስተማረችው ልጅ ነው። እሱ ጥፋት የለበትም፤ እናቱ ከእኛው ተበድራ ልካዋለች። ብድሩን ያጸደቅነውም፣ «ይቅርባት» ያልነውም በአንድ ወር ውስጥ ነው።

ፍርሃታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት ልጅ ያሳደገ ሁሉ የሚፈራውን ያውቃል። ጥፋታችን መፍራታችን ሳይሆን ሳንጠይቅ መወሰናችን ነው። ዘግይተን የቡድኑን አስተባባሪዎች አነጋገርን። ሴቶቹ የት ያድራሉ? ማታ ማን አብሯቸው ይሆናል? አንዷ ብትታመም በማን ስልክ ይደወላል? አስተባባሪዎቹ ለሌላው መልስ ነበራቸው፤ አብራቸው የምታድር ሴት መሪ ግን አልነበረችም። «ከእናቶች ሁለት ቢመጡልን በተፈታ ነበር» አሉን። ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

እህቶቻችን፣ ይህ ችግር ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? ቡድናችን ሲጀመር የሰብሳቢነቱ ተራ በየሳምንቱ ሲዞር አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ነበር የምንናገረው። ከየቡድኑ ሁለት ተወካይ ለክላስተር ስብሰባ ይላክ ሲባል ባሎቻችን «የት ልትሄጂ?» አሉን። ያኔ ምን አደረግን? ቀርተን አልቀረንም፤ ሁለት ሁለት ሆነን ሄድን፣ ሲመሽ አብረን ተመለስን። ዛሬ ከእኛ መካከል ቃለ ጉባኤ የሚይዙ፣ ሒሳብ የሚመረምሩ፣ በትልቅ ስብሰባ እጃቸውን አውጥተው የሚናገሩ አሉ። ማንም በአንድ ቀን እዚህ አልደረሰም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ አራት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ለሴት ልጅ ካምፕ የሚጠየቅ ብድር ለወንድ ልጅ እንደሚጸድቀው ሁሉ በዚያው ደንብ ይጽደቅ።

ሁለተኛ፣ በየካምፑ ሁለት እናቶች በተራ አብረው ይሂዱ፤ አንድ አዋቂ ብቻውን ከልጆች ጋር እንዳያድር ከአስተባባሪዎቹ ጋር በጽሑፍ እንስማማ።

ሦስተኛ፣ የቅዳሜ ጠዋት የቤት ሥራ ለወንዶቹም ይከፈል። ውኃ የሚቀዳ፣ ዕቃ የሚያጥብ ወንድም ምንም አይጎድልበትም፤ ስካውት አይደለም እንዴ?

አራተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። ዩኒፎርምና ባጅ መግዛት ደስ ይላል፣ ፎቶውም ያምራል። እኛ የምንለምናችሁ ግን ከመካከላችን ጥቂት ሴቶች በስካውት መሪነትና በመጀመሪያ እርዳታ እንዲሠለጥኑ ነው። አንዲት የሠለጠነች ሴት መሪ ስትኖር፣ ለብዙ እናት «እሺ» ማለት ይቀላታል። ወጪውን እንደ ልማዳችን ከነደረሰኙ እናቀርባለን።

በዚያ በአሮጌው መጽሐፍ ለአንደኛ ደረጃ ከተጻፉት መስፈርቶች አንዱ ይህ ነው፦ አመልካቹ ራሱ ያሠለጠነውን አንድ ጀማሪ ይዞ ይምጣ። ያቺ ልጅ ይህን አስቀድማ አሟልታለች። የቀራት የእኛ ድርሻ ነው።

ቀጣዩ ካምፕ ትምህርት ሲዘጋ ነው። አብረው ለሚሄዱ እናቶች መመዝገቢያ ደብተር ከፍተናል፤ ከስብሰባው በኋላ ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያው መስመር ተይዟል፤ የፈረመችበት የልጅቷ እናት ናት። ሁለተኛው መስመር ክፍት ነው።