ዛፉ የማን ነው?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፣ አብነት)



እኛ አብነት የምንኖር ሴቶች ዛፍ የምናየው አብዛኛውን ጊዜ ከተቆረጠ በኋላ ነው። አጣናው በመኪና ተጭኖ፣ ከሰሉ በማዳበሪያ ታስሮ ይመጣል። ማን እንደተከለው፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደገባ አንጠይቅም። ዛሬ ግን እንጠይቅ። ብዙዎቻችን አገር ቤት እናት ወይም እህት አለችንና።

ከመካከላችን የአንዷ እናት የደረሰባቸውን ሰምታችኋል። ከባለቤታቸው ጋር የተከሉትን፣ ውሃ በጀርባቸው ተሸክመው ያጸደቁትን ባሕር ዛፍ፣ ባለቤታቸው ባረፉ በዓመቱ የባል ዘመዶች ሸጡት። ሽማግሌ ፊት ቀርበው «የኔም ነው» ሲሉ የተጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ደብተሩ ላይ ስምዎ አለ?» አልነበረም።

ዛፍ የሚጠበቀው ባለቤቱ ሲታወቅ መሆኑን ያለፈው ታሪካችን ያስተምረናል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ገበሬው በዘመቻ የተከለውን ደን «የመንግሥት ነው» እንጂ «የኔ ነው» አላለውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ ያ ደን በመጥረቢያ አለቀ። በአንጻሩ ደቡብ ጎንደር ብትሄዱ፣ ዙሪያው እርሻ ሆኖ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጽዱና ወይራው ዛሬም ቆሟል። ምእመኑ የራሱ አድርጎ ስለሚያየው ነው።

ሕጉም ቢሆን ከእኛ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢልም፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ላፈራው ቋሚ ነገር መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን ጨምሮ ንብረት በማፍራትና በማስተዳደር እኩል ናቸው ይላል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግለሰብን፣ የማኅበረሰብን፣ የማኅበርንና የመንግሥትን ደን ለየብቻ ያውቃል። በአማራ ክልልም ለባልና ለሚስት የጋራ ይዞታ በሚሰጠው ደብተር ላይ የሁለቱም ስምና ፎቶግራፍ እንዲሰፍር ተደርጓል።

ነገር ግን አዋጅ ራሱ ተነሥቶ እናታችን ቤት አይሄድም። የምንሄደው እኛ ነን።

ስለዚህ ለበዓል አገር ቤት ስንሄድ ሦስት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ደብተሩን አስወጥተን የእናታችን ስምና ፎቶ መኖሩን እንይ፤ ከሌለ ባለቤቷ በሕይወት ሳለ፣ ጠብ ሳይነሣ እናስተካክል። ሁለተኛ፣ የተተከለው ዛፍ የት ድረስ እንደሆነና እነማን እንደተከሉት ጎረቤት በምስክርነት ባለበት በጽሑፍ ይያዝ። ሦስተኛ፣ መብት ግዴታም አለው፤ እንደ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ያሉ አገር በቀል ዛፎች እንደ ባሕር ዛፍ የሚቆረጡ አይደሉም። አንድ ቅርንጫፍ ከመነካቱ በፊት የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይጠየቅ።

«በባሌ ደብተር ምን አገባኝ» የሚሉ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። ክፉ አሳቢ እንዳይባሉ ፈርተው ነው። ልጅ በፍቅር ስትነግራቸው ግን ይሰማሉ።

ለደብተሩ የሚያስፈልገውን ጉርድ ፎቶ ማስነሻ አቅም ላነሳት እህት ከማኅበራችን ሣጥን እንድንሸፍን ሐሳብ እናቀርባለን። ከተስማማን ዛሬውኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ይመዝገብልን።