መጠንቀቅ መጸየፍ አይደለም

(በጠበል ሥፍራ ሕሙማንን በበጎ ፈቃድ ለሚያገለግሉ የጤና ሙያ ተማሪዎችና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አባቶች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ለሕመምተኛ የተደረገውን ለራሱ እንደ ተደረገ ቈጥሮታል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከከተማው አጠገብ ድኾችና ሕሙማን የሚረዱበትን ታላቅ ተቋም አቋቁሟል። ስለዚህ ሕሙማንን ለምን እንደምናገለግል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። የዛሬው ጥያቄያችን የምንረዳውን ሰው ሳንጎዳ እንዴት እናገልግል የሚለው ነው።

በጎ ፈቃድ ብቻውን ከተላላፊ በሽታ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቪየና ከተማ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ብዙ እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይሞቱ ነበር። ሐኪሞቹና ተማሪዎቻቸው አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው፣ በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምሩ ነበር። ኢግናዝ ሴመልቫይስ የተባለው ሐኪም በ1847 ወደ ክፍሉ የሚገባ ሐኪምና ተማሪ ሁሉ እጁን ክሎሪን ባለበት ውኃ እንዲታጠብ አደረገ። በ1846 በዚያ ክፍል ከ100 ወላዶች ከ11 በላይ ሲሞቱ፣ በ1848 ቍጥሩ ከ2 በታች ወረደ። እነዚያ ሐኪሞች ጨካኞች አልነበሩም፤ በሽታውን የሚያደርሰው የራሳቸው እጅ መሆኑን አላወቁም እንጂ። እኛ ግን ዛሬ እናውቃለን።

በጠበል ሥፍራ ሳል የጸናበት፣ ቍስል ያለበት፣ ተቅማጥ የያዘውና ሕፃን የታቀፈች እናት በአንድ መጠለያ ጎን ለጎን ያድራሉ። አንድ አስታማሚ የአንዱን ቍስል አጥቦ ለሌላው ውኃ ያቀርባል። ስለዚህ ቀዳሚው ትምህርት የእጅ ንጽሕና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እጅ የሚጸዳባቸውን አምስት ጊዜያት ወስኗል፦ ሕመምተኛውን ከመንካት በፊት፤ ቍስል እንደ ማሸግ ያለ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመጀመር በፊት፤ ደም ወይም ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፤ ሕመምተኛውን ከነካን በኋላ፤ በዙሪያው ያለውን ዕቃና መኝታ ከነካን በኋላ። በሳሙናና በውኃ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ሳኒታይዘር ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይወስዳል። እጅ የሚታይ እድፍ ካለበት ወይም ሕመምተኛው ተቅማጥ ካለበት ሳሙናና ውኃ ይመረጣል። ጓንት መታጠብን አይተካም፤ ለአንዱ ያደረግነውን ለሌላው አንጠቀምበትም፤ ካወለቅነውም በኋላ እጃችንን እንታጠባለን።

ሁለተኛው ስለ ደምና ስለ ስለት ነው። ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ ቢ በጋራ ምላጭና በመርፌ ሊተላለፉ ስለሚችሉ፣ አንድ ሰው የተላጨበትን ምላጭ ሌላው አይጠቀምበት። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ተመልሶ አይገጠምም፤ ወዲያው በሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣላል። ተማሪዎች ሆይ፣ መርፌ መውጋት የምትለማመዱት በጤና ተቋም፣ በመምህር ፊት ነው፤ በጠበል ሥፍራ አይደለም።

ሦስተኛው ስለ አየር ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለ ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። እስኪመረመር ድረስ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይረፍ፤ አፉንና አፍንጫውንም ይሸፍን። ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። መድኃኒት የጀመረም ጠበል ገባሁ ብሎ አያቋርጥ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይቃረኑ ማስተማራቸውን አባቶች ታስታውሳላችሁ።

“ጓንት አድርጌ ብቀርበው የተጸየፍኩት ይመስለዋል” የሚሉ አገልጋዮች አሉ። ሥጋታቸው ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ ሊናቅ አይገባውም። መፍትሔው ግን ጥንቃቄውን ለሁሉም እኩል ማድረግ ነው። ማን ምን እንዳለበት በመልክ አይታወቅም። በሽታው ለታወቀበት ሰው ብቻ ጓንት ብናደርግ፣ ጓንቱ በሰው ፊት ምልክት ይሆንበታል። የማንንም ቍስል ስንነካ የምናደርገው ከሆነ ግን ማንም አያፍርበትም። ከመጀመራችን በፊትም “አባቴ፣ ይህ እርስዎንም እኔንም ይጠብቀናል” ብሎ ማስረዳት ተገቢ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ካህኑ የተጠረጠረውን ሰው ሰባት ቀን ለይቶ ያቆየውና በሰባተኛው ቀን ዳግመኛ ያየው ነበር። እኛም ለብቻው ያስተኛነው ሕመምተኛ ካለ፣ ምግብ የሚያደርስለትና በየዕለቱ የሚጠይቀው ሰው መመደብ አለብን።

የሰበካ ጉባኤ አባላት ሆይ፣ ይህ ሁሉ ያለ እናንተ አይፈጸምም። ውኃ በሌለበት ስፍራ ታጠቡ ብለን ብናስተምር ከንቱ ድካም ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 በገባ ጊዜ በየአብያተ ክርስቲያናቱ በር ውኃና ሳሙና ቀርቦ ነበር። ያ የውኃ ማጠራቀሚያ ዛሬ ውኃ አለው? ሳሙናውን የሚተካ ሰው ተመድቧል? ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ አራት ነገሮችን እንድትፈጽሙ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ በመጠለያውና በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ውኃና ሳሙና፣ ከነኃላፊው፤ ለሚያስሉ ሕሙማን ነፋስ የሚገባበት የተለየ ማረፊያ፤ ጠበል የሚጠጣ ሁሉ የራሱን ኩባያ እንዲይዝ ማሳሰቢያ፤ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር የታወቀ ግንኙነት፣ ስልኩም በግልጽ የተለጠፈ።

ከእነዚህ አብዛኞቹ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚከታተላቸው ሰው ግን ይሻሉ። ፈውስን ፈልጎ ወደ ደጀ ሰላማችን የመጣ ወገን ሌላ በሽታ ይዞ እንዳይመለስ የመጠበቅ አደራ አለብን። ለሕሙማን ምሕረትን፣ ለአገልጋዮች ብርታትን እግዚአብሔር ያድልልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።