ራሔል ጥፋተኛ ናትን?

(በትምህርት ቤታችን የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ያነበብነው አንድ ልብ ወለድ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያከራክረን ሰንብቷል። መጽሐፉ እንግሊዛዊቱ ደራሲት ዳፍኒ ዱ ሞሪየር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ያሳተመችው «ዘመዴ ራሔል» የተባለው ነው። ክርክሩም፣ ራሔል ባሏን በመርዝ ገድላለች ወይስ አልገደለችም የሚል ነበር።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አምብሮዝ የተባለ የኮርንዎል ባለርስት ለጤናው ሲል ወደ ኢጣልያ ይሄድና ባሏ የሞተባትን ራሔልን በፍሎሬንስ ያገባል። ኋላ ግን ሚስቱን እንደሚጠረጥር በደብዳቤ ገልጾ ይሞታል። እንደ ልጅ ያሳደገው ዘመዱ ፊሊፕ ሴትየዋን ሳያያት ይጠላታል፤ ባያት ጊዜ ግን ወዷት ርስቱን ሁሉ ይሰጣታል። እንደማታገባው ሲያውቅ ጥርጣሬው ይመለሳል።

በመጀመሪያው ቀን ድምፅ ስንሰጥ የሚበዛው ተማሪ «ገዳይ ናት» አለ። እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ገንዘብ ታባክናለች፤ ወደ ኢጣልያም ትልካለች፤ ዛሬ ስቃ ነገ ትቆጣለች፤ ሐሳቧን ለማንም አትገልጥም፤ መርዝነት ያለው የዛፍ ፍሬም በክፍሏ ተገኝቷል አልን።

በዚህ ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛችን ተነሥታ «ፍሬውን ለጊዜው ተዉትና ከቈጠራችሁት ሁሉ ወንጀል የሚባለው የትኛው ነው? ይህን ያደረገው ወንድ ቢሆን ጠባየ አስቸጋሪ ብላችሁ ታልፉት ነበር» አለች። ሳቅን፤ ነገር ግን መልስ አልነበረንም።

ስለዚህ መጽሐፉን እንደገና ከፈትነው። ሐኪሞቹ አምብሮዝን የገደለው የአንጎል እጢ ነው ብለዋል። ራሔል አትክልት መትከል የምትወድ ሴት ናት፤ ፍሬውም በአትክልት ቦታ ከሚተከል ዛፍ የሚገኝ ነው። ፊሊፕ በጽኑ በታመመ ጊዜ ያስታመመችው እርሷ ናት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነግረን ፊሊፕ ብቻ ነው። በፍቅር የሰከረና በቅናት የተቃጠለ ሰው ብቻውን ምስክር ይሆናልን? የሙሴ ሕግ እንኳ በአንድ ምስክር ቃል ሰው እንዳይፈረድበት ያዝዛል።

በመጨረሻ ፊሊፕ በአትክልቱ ስፍራ ያለው ድልድይ ሰው እንደማይሸከም እያወቀ ሳያስጠነቅቃት ቀረ። እርሷ ወደዚያ ስትሄድ እርሱ ክፍሏን ይበረብር ነበር፤ የሚያስፈርድባት ማስረጃ ግን አላገኘም። ራሔልም ወድቃ ሞተች። እንግዲህ ገዳይነቱ በእርግጥ የታወቀው የማን ነው?

ይህን ባነበብሁ ጊዜ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለጓደኛችን ሐዘን ያዋጣነው ገንዘብ ጠፋ ተባለ። እኔም አዲስ የመጣችውን፣ ከማንም ጋር የማትጫወተውን አንዲት ልጅ ጠርጥሬ ለሦስት ጓደኞቼ በጆሯቸው ነገርኋቸው። በሳምንቱ ገንዘቡ ከመዝገቡ ገጾች መካከል ተገኘ። ያን ሳምንት ሙሉ ግን ከልጅቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ይቅርታ ሳልጠይቃትም ትምህርት ቤት ለወጠች። ጥፋቷ ምን ነበር ብትሉኝ፣ ኩሩ መምሰሏ ብቻ ነው።

አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት ለእንደ እኔ ያለው ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ራሔልን አሁንም አልወዳትም፤ ንጽሕት ናት ብዬም አልምልም። ደራሲቱ እስከ መጨረሻው ገጽ አልነገረችንምና። በሁለተኛው ድምፅ ግን እጄን አላነሣሁም። ያልወደድነውን ሰው መጥላት ባንተው እንኳ ያላየነውን ኀጢአት በላዩ ከመጨመር እንታቀብ።