ድልድሉ ከዜሮ ክፍል ይጀምር



ነሐሴ ሲጋመስ በየወረዳው ከተማ «ልጁን የት እናስገባው?» የሚል ጭንቀት ይገባል። አቅም ያለው ወደ ግል ኬጂ ይሄዳል፤ ደንብ ልብሱ ያምራል፣ ልጁም በሳምንቱ «አፕል» እያለ ይመጣል። ቄስ ትምህርት ቤት ወይም ቁርአን ቤት የሚልክም አለ። የቀረው ሰው ተስፋው የመንግሥት ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ነው።

ዜሮ ክፍልን አንናቀው። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ሲያወጡ፣ መዋዕለ ሕፃናት ከሞላ ጎደል ገንዘብ ያለው ከተሜ ጉዳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ዜሮ ክፍል ተከፈተና የገበሬውም፣ ጉልት የምትቸረችረዋም ልጅ ገባ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል።

ልጆቹስ ገብተው ምን ያገኛሉ? አንዱን ክፍል እንይ። ዴስኩ ለትልልቅ ተማሪዎች የተሠራ ነው፤ የልጆቹ እግር መሬት አይነካም፣ አገጫቸው ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። መምህርቷ ሰሌዳውን በአርጩሜ ስትነካ «ሀ ሁ ሂ» እያሉ ያንበለብሉታል፤ ግማሾቹ ግን የሚያዩት በመስኮት ውጭውን ነው። እስቲ «ሚ»ን ከመሀል ነጥላ ትጠይቃቸው፤ መልስ የለም። የያዙት ዜማውን ነው። የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህ ከጥንት መላ አበጅቶለታል፤ ሀሁን የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይገባል፣ እዚያ ተራው ይለዋወጥና ፊደል ያልለየው ይታወቃል።

መምህርቷ ላይ ጣት መቀሰር ይቀላል። ነገር ግን ዜሮ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለሕፃናት ላልሠለጠነ፣ ከሌላ ክፍል ለተረፈ ሰው ነው። «ሕፃናት ናቸው፣ ምን ችግር አለው» ይባላል። ችግሩማ እዚሁ ላይ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መምህሩ ቢደክምበት መጽሐፍ ገልጦ ያነባል፣ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ከመምህሩ ሌላ መጽሐፍ የለውም።

በጀት የለም ለሚለውም፣ ለመቁጠሪያ ቆርኪ፣ ለፊደል ካርቶን፣ ለቋንቋ ተረት ይበቃል። እነዚህን ወደ ትምህርት የሚለውጥ ሰው ነው የጠፋው። ኬጂ የምታማርጡ ወላጆችም ስለ እንግሊዝኛው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ልጄ በቀን ስንቴ ይጫወታል፣ ስንቴስ ስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል በሉ።

ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ የመምህራን ድልድል ስትሠሩ ከላይ ክፍል ጀምራችሁ የተረፈውን ወደ ታች አታውርዱ። ጎበዟን መምህርት መጀመሪያ ዜሮ ክፍል መድቧት። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም ስብሰባ ሲጠራ «ዘንድሮ ዜሮ ክፍልን ማን ይዞታል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱ ካላረካው፣ መስከረም ሳይጠባ ድልድሉ ይከለስ።