ለአንድ የፖሊስ ውሻ የገንዘብ ርዳታ ስለ መጠየቅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በንግግር የቀረበ)




አንድ መሐንዲስ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ መናገሩን ትቶ ስለ ውሻ ለመናገር መነሣቱ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ነገሩ ግን ከሙያችን የራቀ አይደለም። በቨርጂኒያ ግዛት፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብላ የምትገኘው የምኖርባት አነስተኛ ከተማ ፖሊስ አንድ ውሻ ለመግዛት ከርዳታ ሰጪዎች ገንዘብ ሊጠይቅ አስቧል። ለዚሁም በከተማይቱ ያሉ ማኅበሮች የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉለት ጠይቋል። ጥያቄው ለእኛም ደርሷል። እንፈርም ወይስ አንፈርም? በዚህ ላይ ያለኝን አሳብ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ/ የውሻው ጥቅም

የሰው አፍንጫ ያለው የሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ብዛት በ5 ወይም በ6 ሚሊዮን ሲገመት፣ የውሻ ግን ከ200 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። በዚህም ምክንያት ሰው ካለፈበት ብዙ ሰዓት በኋላ ፈለጉን ተከትሎ ሊያገኘው ይችላል። ከወገኖቻችን መካከል ወላጆቹን ከአገር ቤት አምጥቶ የሚጦር ብዙ ነው። የመርሳት ሕመም የያዛቸውና እንግሊዝኛ የማያውቁ አንዲት እናት በብርድ ሌሊት ከቤት ወጥተው ቢጠፉ፣ መንገደኛ ጠይቀው ሊመለሱ አይችሉም። እንዲህ ባለ ጊዜ አንዱ ሰዓት ሕይወት ነው። ስለዚህ ጥቅሙን አቃልሎ መመልከት አይገባም።

ለ/ የሚያሠጋው ነገር

በሌላ በኩል የፖሊስ ውሻ በዚህ አገር ያለው ታሪክ የሚዘነጋ አይደለም። በግንቦት ወር 1963 በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ መብታቸውን ለመጠየቅ በወጡ ጥቁሮች ላይ፣ ወጣቶች ሳይቀሩ፣ ፖሊስ ውሾች ለቅቆባቸዋል። ይህ የሩቅ ዘመን ነገር ነው እንዳይባል፣ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2015 ስለ ፈርጉሰን ከተማ ፖሊስ ባወጣው ዘገባ፣ ዘራቸው በመዝገብ ላይ የተገለጸው በውሻ የተነከሱ ሰዎች በሙሉ ጥቁሮች መሆናቸውን አረጋግጧል። እኛም ሆንን ልጆቻችን በመንገድ ላይ የምንታየው በቆዳችን ቀለም ስለ ሆነ፣ ጉዳዩ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

ሐ/ የወጪው ስሌት

አንድ የሠለጠነ ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ርዳታ ሰጪዎችም በአብዛኛው የሚከፍሉት ይህንኑ የመግዣ ዋጋ ነው። ለምሳሌ ኤኬሲ ሪዩናይት የተባለው ድርጅት በደንቡ መሠረት የውሻ አርቢዎች ክለብ ለሚያዋጣው ለእያንዳንዱ 1 ዶላር 3 ዶላር ይጨምራል፤ ይህም ለአንድ ውሻ እስከ 7,500 ዶላር ይደርሳል።

ይሁን እንጂ ማናችንም መኪና ስንገዛ ቤንዚኑን አንረሳም። የውሻ ያዡ ፖሊስ ውሻውን በቤቱ ሲመግብና ሲያጸዳ የሚያጠፋው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠራል። ይህን በቀን ግማሽ ሰዓት ብናደርገው በዓመት 182 ሰዓት ተኩል ይሆናል። በተለምዶ እንደሚመከረው በወር 16 ሰዓት ልምምድ ሲጨመርበት ሌላ 192 ሰዓት ይመጣል። ድምሩ 374 ሰዓት ተኩል ነው፤ ይህም ከአንድ ፖሊስ የዓመት ሥራ፣ ማለት ከ2,080 ሰዓት፣ 18 በመቶ ያህሉ ነው። ውሻው ስምንት ዓመት ቢያገለግል ከመግዣው ይልቅ የማኖሪያው ወጪ እጅግ እንደሚበልጥ ግልጽ ነው። ቀለቡና የእንስሳት ሐኪም ሒሳብ ገና አልተጨመረም።

ያላሰቡት ለውጥም አለ። ቨርጂኒያ በሐምሌ 1 ቀን 2021 አዋቂዎች ጥቂት ካናቢስ ቢይዙ ወንጀል እንዳይሆን ስትፈቅድ፣ ይህን ሽታ እንዲያነፈንፉ የሠለጠኑ ብዙ ውሾች ከሥራ ተሰናብተዋል። ውሻው ያሸተተው የትኛውን ዕፅ እንደ ሆነ ለይቶ ሊናገር አይችልምና።

መ/ የውሳኔ አሳብ

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው መሠረት፣ ደብዳቤውን እንድንፈርም፣ ነገር ግን የሚከተሉት አራት ነጥቦች በማመልከቻው ውስጥ እንዲገቡ እንድንጠይቅ አሳስባለሁ።

1ኛ/ ውሻው በረጅም ገመድ ተይዞ የሰው ፈለግ የሚከተል፣ እንደ ብላድሃውንድ ያለ ዝርያ እንጂ፣ እንዲነክስ የሠለጠነ እንዳይሆን።

2ኛ/ የልምምዱና የስምሪቱ መዝገብ በሚገባ ተይዞ በየዓመቱ ለከተማው ምክር ቤት እንዲቀርብ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 ፍሎሪዳ ከሃሪስ ጋር ባደረገው ክርክር በሰጠው ውሳኔ፣ የውሻው የሥልጠና ማስረጃ ለታማኝነቱ መሠረት ሊሆን እንደሚችል፣ ተከሳሹም ማስረጃውን ሊቃወም እንደሚችል ገልጿል። መዝገብ ከሌለ ሁለቱም ወገን ይጎዳል።

3ኛ/ ውሻው በሚጓዝበት መኪና ውስጥ ሙቀት ሲጨምር የሚያስጠነቅቅና መስኮት የሚከፍት መሣሪያ እንዲገጠም። በተዘጋ መኪና ውስጥ በሙቀት የሞቱ የፖሊስ ውሾች አሉ፤ ይህም በጥቂት ወጪ የሚወገድ አደጋ ነው።

4ኛ/ ርዳታው ለመግዣ ብቻ ሆኖ፣ የየዓመቱ ወጪ በከተማው በጀት ላይ በግልጽ እንዲሰፍር።

ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አጥብቄ የምይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ብለዋል። ቀለቡ ከለጋሽ ኪስ የሚመጣ እንደ ሆነ ተጠሪነቱ ለለጋሹ ነው። ከግብር ከፋዩ የሚመጣ እንደ ሆነ ግን በየዓመቱ በጀት ሲጸድቅ ተነሥተን «ስንት ሰው አገኘ? ማንንስ ጎዳ?» ብለን ለመጠየቅ ሥልጣን ይኖረናል። በእድራችን ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍል ሰው ሒሳብ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሁሉ፣ በምንኖርባት ከተማም እንዲሁ ነው።

የፖሊሱ መሥሪያ ቤት እነዚህን ነጥቦች ቢቀበል ማመልከቻው ይጠነክራል እንጂ አይደክምም፤ ርዳታ ሰጪዎችም ገንዘባቸው የት እንደሚደርስ ማወቅ ይወዳሉና። ባይቀበል ግን ፊርማችንን ማቆየት ይገባናል። ውሳኔው የእናንተ ነው።